ማድረቂያ የገባው ኳስ

ባለቤቴን ያገኘኋት በኳስ ነው፤ ላጣት የነበረውም በኳስ ነው። ኳስ ስል ልጆች ሆነን ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀን የምንጠልዘውን ክቡን ማለቴ አይደለም። አሜሪካኖች በእጃቸው ታቅፈው እየሮጡ «እግር ኳስ» የሚሉትን፣ ሁለት ጫፉ የሾለውን ማለቴ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ግን ባለውለታዬ ስለሆነ አልሰድበውም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ፣ ኒው ሆፕ በምትባል ከተማ፣ ከጋሼ ጋር አንድ አፓርትመንት እንጋራ ነበር። ጋሼ የሥጋ ዘመዴ አይደለም። አገሩን ስረግጥ ትርፍ ካፖርት ይዞ ኤርፖርት የጠበቀኝ፣ በበረዶ ላይ መኪና መንዳት ያስተማረኝ፣ ስታመም ሾርባ የሠራልኝ ሰው ነው፤ ከዚህ በላይ ዘመድ ካለ አላውቅም። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እዚህ ታክሲ ይነዳል። ሙያው ግን አልለቀቀውም፤ ቁርስ ላይ እንቁላሉ ይጠበስ ወይስ ይቀቀል ስንባባል እንኳ «ማስረጃህን አቅርብ» ይለኝ ነበር።

ይህን ጨዋታ ሲወደው ያየ ሰው ጋሼ ሚኒሶታ የተወለደ ይመስለዋል። እኔ መጀመሪያ ላይ ምንም አይገባኝም ነበር፤ ሰዎቹ አምስት ሰከንድ ይጋጩና ቆመው ይመካከራሉ፣ ደግሞ ይጋጩና ደግሞ ይመካከራሉ። ያስረዳኝ ጋሼ ነው።

«የድንበር ክስ ነው ልጄ» አለኝ። «ይሄኛው አሥር እርምጃ መሬት ይገባኛል ይላል። አራት ቀጠሮ ይሰጠዋል። ያኛው አላስነካም ይላል። ሲጨቃጨቁ ባለሰንሰለቶቹ መጥተው ይለካሉ። ባለመስመር ሸሚዙ ዳኛ ነው፤ ሥርዓት ሲጓደል መሐረቡን ይጥላል። ምኑ ነው የማይገባህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገባኝ። እሁድ በመጣ ቁጥር እኔም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶፋው ላይ ቦታዬን መያዝ ጀመርኩ።

የእሁድ እንግዳችን ደግሞ አጎቷ ነበር። የማን አጎት ብትሉኝ የዛሬዋ ባለቤቴ አጎት፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጋት። መኖሪያው ቡርንስቪል ነው፤ ሴንት ሉዊስ ፓርክ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራል። የከተማችንን ቡድን ኮፍያ ክረምት ከበጋ አያወልቅም፤ እራት ላይ ጸሎት ሲደረግ ብቻ ያነሳትና አሜን ሳይባል መልሶ ይደፋታል። ያን ሁሉ መንገድ የሚመጣው ቴሌቪዥን አጥቶ አይደለም። እንደ ጋሼ አድርጎ የሚከራከረው ሰው ስለሌለ ነው። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ውለው ሲለያዩ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመው «የዛሬው ጥሩ ነበር» ይባባላሉ፤ ጨዋታውን ይሁን ጭቅጭቁን አይታወቅም።

አጎቷ በረዶ ላይ መንዳት ስለሚፈራ የምታመጣው እሷ ነበረች። የነርስነት ትምህርት ላይ ስለነበረች ሶፋው ጥግ ላይ መጽሐፍ ዘርግታ ትቀመጣለች፤ አላይም ትላለች፣ ግን ከሁላችንም ቀድማ የምትዘለው እሷ ናት። አንድ እሁድ የኛ ተጫዋች ኳስ ሲያመልጠው «ያዘው እንጂ አንተ!» ብላ ያን የመሰለ ወፍራም መጽሐፍ ወረወረችው። እኔ ጭን ላይ አረፈ። ያዝኩትና «እኔስ ይዣለሁ» አልኳት። ሳቀች። በዚያ ሳቅ አለቀልኝ።

መኸሩ ሳያልቅ ተስማማን። ገና ከዋለ በኋላ ሽማግሌ ሊላክ ተወሰነ፤ የሚላከውም ያለ ጥርጥር ጋሼ ነበር። ዜናውን ስነግረው ወደ ጓዳ ገባና ሻንጣ ውስጥ የከረመ ሱፉን አውጥቶ ማስጫ ላይ ሰቀለው። ገና ሁለት ወር ይቀር ነበር።

ያቺ የተረገመች ምት የመጣችው በታኅሣሥ አንድ እሁድ ነው። ጾም ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ ምስርና ጎመን ቀርቧል። የኛ ቡድን በሁለት ነጥብ ይመራል፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ቀርተዋል። የእንግዳው ቡድን ኳስ መቺ ከማይታመን ርቀት መጥቶ ቆመ። አጎቷ «ከዚያ ሆኖ? ሕልም ነው!» ብሎ ምስሩን ጎረሰ። ኳሱ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና በሁለቱ ቋሚዎች መሐል አለፈ፤ ይህ ሦስት ነጥብ ነው፣ በአንድ ተበለጥን። አጎቷ ጉርሻውን ሳያላምጥ ተነሳ።

«ቺት አድርገዋል!» አለ። «ኳሱ ድራየር ገብቷል!»

የዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው ወሬ የትም ይወራ ነበር። ኳስ መቺዎች አዲሱን ደረቅ ኳስ በልብስ ማድረቂያ ያሞቁታል፣ በብሩሽ ይፈትጉታል፣ እንደ ሊጥ ያሹታል፣ እንዲህ ሲሆን ቆዳው ይለሰልስና ርቆ ይሄዳል ይባላል። አጎቷ ደግሞ የሚንከባከበው አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ነበር፤ በወጣትነቱ የአንድ ኮሌጅ ቡድን ልብስና ኳስ ጠባቂ የነበረ። ከእሱ የሰማውን እንደ ወንጌል ይዞታል።

«ፕሩፍ አለህ?» አለው ጋሼ።

«ዓይን የለህም? እንዲያ የሚሄድ ኳስ አይተህ ታውቃለህ?»

«ርቆ ሄደ ማለት ተነካክቷል ማለት አይደለም። ሰውየው መታ፤ እኛ ተሸነፍን። አለቀ።»

«አንተ ድሮም የሌባ ጠበቃ ነህ!»

ጋሼ በሃያ ዓመት ሥራው የባለጉዳይ እንቁላል እንኳ ቤቱ እንዳልገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚኮራበት ሌላ ሀብት የለውም። ቀስ ብሎ ተነሳና በሩን ከፈተ።

«ውጣ» አለ።

እንግዳን፣ ያውም ከማዕድ ላይ፣ ውጣ ማለት በኛ ዘንድ ምን እንደሆነ መናገር አያሻም። አጎቷ ኮፍያውን አስተካክሎ ወጣ። እሷም የመኪናውን ቁልፍ ይዛ ተከተለችው፤ በሩ ጋ ዞር ብላ አየችኝ።

በማግሥቱ ደወለች።

«አጎቴ ምን አለ መሰለህ? ሽማግሌ ይላክ፣ ልጁን አልጠላሁትም፤ ያ ሰውዬ ግን ቤቴን አይረግጥም አለ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«እኔማ ምን እላለሁ? ያለ ጋሼ ምኑን ሽምግልና ሆነ አልኩት። ሥራ አለብኝ፣ ሺፍቴ ደረሰ ብሎኝ ወጣ።»

ለጋሼ የነገርኩት የታክሲውን መስተዋት በረዶ እየፋቀ ሳለ ነው። ሥራውን አቁሞ ሰማኝ። «ሌላ ሽማግሌ ፈልግ» አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ መፋቁን ቀጠለ። መስተዋቱ ግን ቀድሞ ጠርቶ ነበር፤ በረዶ የሌለበትን መስተዋት ነው የሚፍቀው። ያን ሳይ ቁርጤን አወቅሁ። እሷን ትቼ መኖር አልችልም፤ እሱን ትቼ ደግሞ ማግባት አልችልም። አባቴን ከሠርጌ ማስቀረት ነው የሚሆንብኝ።

ወደ ሐጂ ሄድኩ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ በርበሬና ቅመም የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ አላቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። ነገሩን ስዘረዝርላቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ለዚህች ለሾጣጣዋ ኳስ? አላህ ይሁነን! በል ንገራቸው፣ በወጉ ይሟገቱ። በላ ልበልሃ ይግጠሙ፤ እኔ ዳኛ እሆናለሁ። ውርርዱ ማር ነው። የተረታው ማሩን በገዛ እጁ ተሸክሞ እረቺው ቤት ድረስ ያደርሳል።»

የመጨረሻዋን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር፤ እኔ የዚያን ጊዜ ልብ አላልኩም። በላ ልበልሃ አባቶቻችን ቆመው፣ ኩታቸውን አጣፍተው፣ በግጥም የሚፋለሙበት የድሮ የሙግት ወግ ነው። ሁለቱም እንቢ እንደማይሉ ሐጂ አውቀዋል፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ከሠርግ ቢቀሩ ከሙግት አይቀሩም። አጎቷ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አቀረበ፦ ችሎቱ ማድረቂያ ባለበት ቦታ ይሁን። ስለዚህ የኛ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተመረጠ።

ቀኑ ሲቃረብ ጋሼ ከሥራ እየዘመረ ገባ።

«ዛሬ ማን ተሳፈረ መሰለህ? ስታዲየም የሚሠራ ሰውዬ! ኳሱን የሚያቀርበው የትኛው ቡድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ምን አለኝ? ባለሜዳው! ሰማህ? ኳሱ የኛ ነው! እንግዳው የመታው የኛኑ ኳስ ነው። ድራየር ገብቶ ከሆነም የከተቱት የኛው ልጆች ናቸው!» ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «ኳሱ የማን ነው ብዬ ብቻ እጠይቀዋለሁ። በዚህች አንዲት ጥያቄ አፉን አስይዘዋለሁ!»

ጋሼ አሸንፎ፣ ያ ኩሩ አጎቷ በእህቱ ልጅ ፊት አፉን ሲይዝ ግን የኔ ነገር አበቃ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ባትጠይቀውስ?» አልኩት።

«ምን? ዳኛ ፊት ቆሜ የማውቀውን እውነት ልደብቅ?» ዓይኑ ፈጠጠ። «ለምንም ነገር አላደርገውም።» ሁለተኛ አላነሳሁበትም።

እሁድ ቀትር ላይ ሁላችንም ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተሰየምን። ሐጂ ልብስ ማጣጠፊያው ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጡ። ጋሼና አጎቷ በወፍራም ሹራባቸው ላይ ኩታ አጣፍተዋል፤ አጎቷ ከኩታው በላይ ያቺን ኮፍያ ደፍቷል። ሁለት አዳዲስ ኳስ ገዝቶ መጥቷል። አንዱን ማድረቂያ ውስጥ ከተተና ሳንቲም አጎረሰው። ማድረቂያው ጓ ጓ ጓ እያለ ሕንፃውን አናወጠው። ጎረቤታችን አሮጊቷ አሜሪካዊት አንሶላቸውን በቅርጫት ይዘው ገቡና ቆመው አዩን፤ ኩታውን፣ ማድረቂያውን፣ ኳሱን። «ይሄ እንግዲህ ለየት ያለ ነው» አሉ። ሚኒሶታ የኖረ ያውቀዋል፤ እዚህ አገር «ለየት ያለ ነው» ማለት እኛ «ጉድ ፈላ!» የምንለው ነው። ግን አልወጡም። ቅርጫታቸው ላይ ተቀምጠው ሙግቱን እስከ መጨረሻው ተከታተሉ።

አጎቷ በበትሩ መሬቱን መታ፤ በትሩ የኛው መጥረጊያ እንጨት ነበር።

«በላ ልበልሃ!
ኳስ እንደ ካልሲ ማድረቂያ ከገባ፣
የመታው ጀግና ነው ወይ የለየለት ሌባ?»

ጋሼ ኩታውን ወደ ትከሻው መለሰ።

«በላ ልበልሃ!
ማድረቂያ ሲከቱት ዓይንህ ካላየው፣
ክስህን ከሐሜት ምንድን ነው የሚለየው?»

ሐጂ «ወይ አፍ!» እያሉ ጭናቸውን ይመታሉ። እሷ ከኔ አጠገብ ቆማ በሳቅ ትንፈራፈራለች። አሮጊቷ በእንግሊዝኛ ማን እየመራ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እኩል ለእኩል ናቸው አልኳቸው።

ማድረቂያው ሲቆም ኳሱ ወጣ። እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል። ለሙከራ ሁላችንም ወደ ኋላ ፓርኪንጉ ወጣን። የጋሼ ታክሲ እንደ ድንበር ቆመ፤ ከሱ በላይ ያለፈ ኳስ ያሸንፋል። አጎቷ ራሱ ለመምታት ተንደረደረ፣ እግሩ ኳሱን ሳተና በጀርባው በረዶ ላይ ተዘረረ። ያቺ ኮፍያ እንኳ አልወለቀችም። በዚህ ጊዜ እሷ ጓንቷን አውልቃ ሰጠችኝና «ተዉት፣ እኔ እመታዋለሁ» አለች። ቀዝቃዛውን መታችው፤ የታክሲውን በር ገጨ። የሞቀውን መታችው፤ ከታክሲው በላይ አልፎ የበረዶ ክምር ውስጥ ገባ። አጎቷ እልልታውን አቀለጠው።

«ይግባኝ!» አለ ጋሼ። «በመጀመሪያው እግሯ ገና አልሟሟቀም ነበር!»

«ቃልህን ውስጥ ትሰጣለህ» አሉ ሐጂ፤ ጥርሳቸው በብርድ ይንገጫገጭ ነበር።

ተመልሰን ገባን። የመጨረሻው ቃል የጋሼ ነበር። ወደ መሐል ገብቶ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተጠየቅ!» አለ።

«ልጠየቅ!» አለ አጎቷ።

«ኳሱ…» አለ ጋሼ። «ኳሱ የማን…»

ቆመ። እኔ በሩ ጋ ነበርኩ፤ ጓንቷን በሁለት እጄ ጨምቄ ይዣለሁ። ጋሼ ጓንቱን አየ። ከዚያ ፊቴን አየ። ምን እንዳየበት አላውቅም። ጋሼ ኩታውን ቀስ ብሎ ከትከሻው አወረደ።

«ኳሱ ሞቋል» አለ። «ተረታሁ። ማሩን አመጣለሁ።»

ያቺን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አጎቷም እንዳሰብኩት አልጨፈረም። ኳሱን ሲያገላብጥ ቆየና ወጣ። እኔ ደስታው አንቆት ነው ብዬ ነበር።

ማታ ጋሼን እንዴት እንደማመሰግነው ጨነቀኝ። እሱ ግን ሱፉን ከማስጫው አውርዶ እየቦረሸ ነበር።

«የተረታ ሰው ማሩን በገዛ እጁ ያደርሳል ነው ሕጉ» አለኝ። «ማር ይዞ የመጣን ሰው ቤቴን አይረግጥም የሚል አበሻ አለ? ብረታው ኖሮ በየት በኩል እገባ ነበር?»

ገና በዋለ በሳምንቱ ጋሼ በሱፉ፣ ሐጂ በነጭ ቆባቸው፣ ሦስተኛው ደግሞ አንድ የጋሼ የታክሲ ባልደረባ፣ ማር ይዘው ወደ ቡርንስቪል ሄዱ። ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ስለማይገባ ግን ታክሲው ውስጥ ቀረሁ። ሽማግሌዎቹ «እሺ» እስኪባሉ እንደማይቀመጡ አውቃለሁ። ከእሷ ጋር ምልክት ተነጋግረናል፤ ከተቀመጡ መጋረጃውን ትገልጠዋለች። ዓይኔን መጋረጃው ላይ ተክዬ ቆየሁ። ንቅንቅ አላለም። ለቤተ ክርስቲያን ያልተሳልኩት ስለት አልቀረም፤ ግማሹን እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው።

ድንገት በሩ ተከፈተና እሷ በቤት ጫማዋ ወጣች። በእጇ ኳስ ይዛለች። ተንደርድራ ጠለዘችው። ኳሱ የቆሙትን መኪኖች ሁሉ አልፎ፣ ታክሲውንም አልፎ፣ ከኋላዬ በረዶው ላይ ወደቀ። ወጥቼ አነሳሁት። ያ ማድረቂያ ያልገባው ኳስ ነው፤ በረንዳ ላይ ከርሞ እንደ ድንጋይ በርዷል። ከሞቀው ርቆ ሄደ! የአጎቷን ሳይንስ ድምጥማጡን አጠፋችው፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልንም።

ታክሲው ውስጥ ገብታ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ ውስጥ የሆነውን ነገረችኝ። ሦስቱ ቆመው ጥያቄያቸውን አቅርበዋል። አጎቷ ማሩን ተቀብሎ፣ ቁጭ በሉ ሳይል፣ ጋሼን ትክ ብሎ አየው።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ» አለው። «ያን ዕለት ኳሱ የማን ብለህ የተውከው ምን ነበር?»

«ረሳሁት» አለ ጋሼ።

«እኔ አልረሳሁትም። ኳሱ የባለሜዳው እንደሆነ ያ የምንከባከበው ሽማግሌ አሜሪካዊ ከሙግቱ በፊት ነግሮኛል። ተሳስቻለሁ ማለት ግን አፌ እንቢ አለኝ። ያን ዕለት ትጠይቀኛለህ ብዬ ላብ አጥምቆኝ ነው የቆምኩት። አንተ ልጁን አየህና ዋጥከው። እኔ ለገዛ እህቴ ልጅ ብዬ መዋጥ ያቃተኝን ክርክር፣ አንተ ላልወለድከው ልጅ ስትል ዋጥከው።» ያቺን ኮፍያ አወለቀ አለችኝ፤ ጸሎት ሳይኖር። «እኔ ልጄን የምሰጠው እንዲህ ያለ አባት ላለው ነው። ቁጭ በሉ።»

ጋሼ ቆይቶ ወጣ። ጢሙ ላይ ማር ነበረበት። ከአጠገቤ ተቀመጠ፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«ይሄ ሰውዬ» አለ፣ «ዛሬ ደግሞ የምሩን ረታኝ።»